ስንት አለፈ ከማለት በፊት፣ ማን ገባ?

በጌዶ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ንግግሬን በአማርኛ አደርጋለሁ። በመጨረሻ በአፋን ኦሮሞ ለሚጠይቀኝ በአፋን ኦሮሞ እመልሳለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች ወደ ፊት ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ዛሬ ቁጥር ስለማበዛ ቆሞ መስማት ያደክማል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በየከተማው የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት አሳለፉ?» ይባላል። መልሱ ከአምቦ ጉደር፣ ከጉደር ጌዶ በስልክ ሲዞር ይውላል። ብዙ ያሳለፈው ርእሰ መምህር ይመሰገናል፣ ያላሳለፈው አንገቱን ይደፋል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሬው ይበርዳል። እኔ የመጣሁት ይህ ጥያቄ ቀድሞ በመነሣቱ እየተሳሳትን ነው ልላችሁ ነው። መቅደም ያለበት «ማን ገባ?» የሚለው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሊመዘገብ የመጣው ልጅ ከየት መጣ? እስከ ስምንተኛ ክፍል በምን ቋንቋ ተማረ? ማታ የት ያድራል፣ ምን በልቶስ ያድራል? ይህን ሳያውቁ ስለ ውጤት መፍረድ የተዘራውን ሳያዩ ስለ ምርቱ መከራከር ነው።

ቁጥሩን እናስቀድም። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው ዘግይቶ በጥቅምት 2015 ነበር። ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተጓጉዘው የተፈተኑት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ሆኑ፤ 3.3 ከመቶ ማለት ነው። ከእነዚህም 22,936ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 6,973ቱ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ። በ2015 ደግሞ 845,099 ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ 3.2 ከመቶ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 ከመቶ። በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አልፈው መጠኑ 8.4 ከመቶ ደረሰ።

የመጀመሪያው ውጤት ሲሰማ አገሩ ደነገጠ። «ትውልዱ ሰነፈ» ያለው ብዙ ነው። ትውልድ ግን በአንድ ክረምት አይሰንፍም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ኩረጃውና የፈተና ስርቆቱ ውጤቱን አሳብጦት ነበር። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ አገር አቀፉ ፈተና እስከ መሰረዝ መድረሱን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ያኔ ፈተናው ይራዘም ይሉ የነበሩት ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የኦሮሚያ ተማሪዎች በዚያው ዓመት በነበረው ተቃውሞ ወራት ትምህርት አልተማሩም የሚል ነበር፤ ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሽፋኑ ተገፈፈና ከሥሩ የኖረው ታየ። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የሚመሩት ትምህርት ሚኒስቴር በብዙ ነገር ሊወቀስ ይችላል፤ መስተዋቱን በመወልወሉ ግን አልወቅሰውም።

ከ3.3 ወደ 8.4 መድረስ ደስ ይላል፣ ያለፉትም ቁጥር በእውነት ጨምሯል። ነገር ግን የተፈታኙን ቁጥር ተመልከቱ። በ2014 እና በ2017 መካከል የተፈታኙ ቁጥር በ310,638 ቀንሷል። የ2017ቱ 48,929 አላፊዎች ለ2014ቱ የተፈታኝ ብዛት ቢካፈሉ 5.5 ከመቶ ያህል ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከዕድገቱ ከፊሉ ያለፈው በመብዛቱ፣ ከፊሉ የሚፈተነው በማነሱ የመጣ ነው። የቀሩት የት ሄዱ? በአማራ ክልል ጦርነቱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በእኛም በኩል ትምህርቱን ትቶ ባጃጅ የያዘ፣ አዲስ አበባ ግንባታ ላይ የተቀጠረ፣ ዓረብ አገር የሄደች አለ። «ማን ገባ?» ብለን ካልጠየቅን «ማን ጠፋ?» የሚለውም አይመጣልንም።

አሁን ብዙ ወሬ ወደሚወራበት ልሂድ። በ2015 ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2014ም እንዲህ ያሉት 1,161 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ዜሮ ያመጡ ትምህርት ቤቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙን አልወደውም። ለምን እንደማልወደው በሒሳብ ላሳያችሁ።

አንድ የገጠር ትምህርት ቤት 30 ተማሪ አስፈተነ እንበል። እያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድሉ የአገሩ አማካይ፣ 3.2 ከመቶ ነው እንበል፤ ከሌላው ያልበለጠ፣ ከሌላው ያላነሰ። እንዲህ ዓይነት 100 ትምህርት ቤቶች ቢኖሩ 38 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ይቀራሉ። መምህራኑ ከማንም ሳያንሱ፣ ልጆቹም ከማንም ሳያንሱ ማለት ነው። 30 ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤትና 600 ያስፈተነ ትምህርት ቤት ሁለቱም «ዜሮ» ሲያመጡ በአንድ መዝገብ መጻፋቸው የቁጥር በደል ነው።

እዚህ ላይ ካቆምኩ ግን እኔም ማታለሌ ነው። ለ3,106 ትምህርት ቤቶች 845,099 ተፈታኝ ሲካፈል ለአንዱ 272 ያህል ይደርሰዋል። በዚያ መጠን ያስፈተነ ትምህርት ቤት ዕድሉ እኩል ቢሆን ኖሮ በአጋጣሚ ዜሮ ሊያመጣ የሚችለው ከ1,000 አንድ ጊዜ እንኳ አይሆንም። ያለፉትን 27,267 ለትምህርት ቤቶቹ ሁሉ ብናካፍላቸውም ለእያንዳንዱ ዘጠኝ ያህል ይደርስ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ከመቶ 43ቱ ትምህርት ቤቶች ባዶ ናቸው። እንግዲህ ዕድሉ በአገሩ እኩል አልተበተነም፤ በጥቂት ግቢዎች ተከማችቷል። ሁሉንም ተማሪ ያሳልፉ የነበሩት እጅግ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በፈተና መርጠው የሚቀበሉ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ጎበዙን መርጠው ይወስዳሉ፣ ይመግቡታል፣ ያሳድሩታል፣ ከዚያ ያልፋል። ሥራቸውን አላንኳስስም። ከጌዶ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጦ ደረጃ ማውጣቱን ግን አልቀበለውም።

አባቶች «በእኛ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እንግሊዝኛ ይናገር ነበር» ይላሉ። እውነት ነው። ኦቦ፣ በእናንተ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል የሚደርሰው ግን ማን ነበር? በ1966 የተቀጣጠለውን የመምህራን አድማ አስታውሱ። ከአድማው ምክንያቶች አንዱ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነበር፤ ሕዝቡ የተረዳው የድሃው ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ እንዲቆም የታቀደ ነው ብሎ ነው። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ማለት በብዙ ወንፊት ያለፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ የከተማ ልጅ ወይም የሚደግፈው ዘመድ ያለው ነበር። በ1987 እንኳ በአገሩ አንደኛ ደረጃ የገባው ልጅ ለትምህርት ከደረሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ ተከፈተ። ወደ ቤቱ የመጀመሪያውን ፊደል ራሱ ያስገባ፣ እናትም አባትም ያልተማሩለት የገበሬ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ደረሰ። የተመረጡ ጥቂቶችን አማካይ ከሁሉም ልጅ አማካይ ጋር አነጻጽሮ «ትምህርት ወደቀ» ማለት ትክክል አይደለም። ጥራቱ አልወደቀም ማለቴ አይደለም፣ ወድቋል። የወደቀውን ያህል ለማወቅ ግን የገባውን ሰው መለያየት ያስፈልጋል።

ታዲያ በእኛ ዘንድ የሚገባው ማን ነው? የዞናችን የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 12 ያህሉ ብቻ። ስለዚህ በዚህ ዞን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲባል በከተማ የተሠራ፣ ብዙ የገጠር ልጅ የሚማርበት ቤት ማለት ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱን ይዘን ከልደቱ ጀምሮ እንከተለው።

በ2014 የተፈተነው ልጅ የተወለደው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1997 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት ከ1994 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን እየተከታተለ ቆይቷል። በእኛ አገር የተከታተላቸው 3,000 ልጆች ናቸው። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ ከዓመታት በኋላ በቃላትና በሒሳብ መመዘኛ ወደ ኋላ እንደሚቀር ደጋግሞ አሳይቷል። ርእሰ መምህሩ ያንን ልጅ የሚያገኘው በ15 ዓመቱ ነው።

ልጁ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፈ አጭር ታሪክ ተሰጥቷቸው ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እኔን ከ3.3 ከመቶው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የ12ኛ ክፍሉ ውጤት አሥር ዓመት ቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ ያነበበው ሰው ጠፋ እንጂ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያላነበበ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሳይንስ ሲመጣበት መጽሐፉን ተሸክሞ ይመላለሳል። እስከ ስምንተኛ እየተገፋ ይደርሳል። ከዚያ እኛ ዘጋቢ ይዘን የሁለተኛ ደረጃውን ርእሰ መምህር እንጠይቃለን።

የቋንቋው ጉዳይ በጥንቃቄ መነገር አለበት፤ ሰው ወዲያው ወደ ፖለቲካ ይወስደዋልና። ልጆቻችን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። ይህ ትክክል ነው፤ ልጅ በሚያስብበት ቋንቋ ቢጀምር ይሻለዋል። ዘጠነኛ ክፍል መስከረም ላይ ግን ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪው፣ ጂኦግራፊው፣ ሒሳቡ ሁሉ በአንድ ቀን እንግሊዝኛ ይሆናል። እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲማር የቆየ ልጅ፣ ያንንም እንግሊዝኛ እምብዛም ከማይናገር መምህር የተማረ፣ ድንገት በእንግሊዝኛ ማሰብ ይጠበቅበታል። መምህሩም ያውቀዋል። ርእሱን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ በአፋን ኦሮሞ አብራርቶ፣ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ አስገልብጦ ይወጣል። እኔ ይህን መምህር አልኮንነውም፣ ልጁ እንዲገባው እየደከመ ነው። ፈተናው ሲመጣ ግን ማብራሪያው በልጁ ራስ ውስጥ በአንድ ቋንቋ፣ ጥያቄው በወረቀቱ ላይ በሌላ ቋንቋ ይገናኛሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየክፍሉ የተሰቀለው የፕላዝማ ቴሌቪዥንም ይህን አልፈታም፤ ሳይቆም በእንግሊዝኛ ይፈስስ ነበር፣ መምህሩ እንኳ ሊያቆመው አይችልም ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ታንዛንያ አንደኛ ደረጃውን በስዋሂሊ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በእንግሊዝኛ ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የተሰጠው የአራተኛ ፎርም ፈተና ውጤት ሲወጣ ከመቶ 60 ያህሉ ወደቁ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ መንግሥት ውጤቱን አስተካክሎ እንደገና አወጣው። ውጤቱ ተስተካከለ፤ ድልድዩ ግን አልተሠራም። እኛም እንዳንደግመው እሰጋለሁ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማሩን ማጥፋት መፍትሔ አይደለም። የሚያስፈልገው በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል፣ በተለይም ዘጠነኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ባለው ክረምት፣ የትምህርቱን እንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምር ጊዜ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ሳይገባ የባዮሎጂንና የኬሚስትሪን ዋና ዋና ቃላት፣ «አነጻጽር» እና «ምክንያቱን ግለጽ» የሚሉትን ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ያውቅ። የጌዶ መምህራን ማንንም ሳይጠብቁ ሊጀምሩት የሚችሉት ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቆይበት ወደምፈልገው ደረስኩ። በዚህ ከተማ ጓሮ ለጓሮ ስትሄዱ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በጭቃ የተለሰነች፣ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል ታገኛላችሁ። በውስጧ ሦስት ወይም አራት ልጆች ይኖራሉ። አንዱ የአጎት ልጅ፣ ሌላው የሠፈር ልጅ ነው። እሑድ ከየቀበሌያቸው ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ዱቄት፣ አንዳንዴ ጭኮ። ራሳቸው ያበስላሉ። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ የዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ለምን ባዶ እንደሚሆን መምህራን ይነግሯችኋል። አከራይዋ አምፖሉን በጊዜ ያጠፉታል፣ የመብራቱን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸውና። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉና ስንዴው ሲደርስ ደግሞ ልጁ ለአጨዳ ይፈለጋል፤ አባቱ ሌላ ሠራተኛ ከየት ያምጣ?

ይህ ሕይወት በዚህ ምድር አዲስ አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ ኦሎንኮሚ አጠገብ፣ በሣር ክዳን ጎጆ ነው የተወለዱት። እናታቸው ይማር ብለው ቆርጠው ተነሡ። ልጁ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሳምንቱን ትምህርት ቤት ባለበት ሰንብቶ ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዓለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህን ታሪክ ለልጆቻችን የምንነግራቸው «ጠንክሩ» ለማለት ነው፣ መልካም ነው። እኔ ግን በታሪኩ ውስጥ የሚያልፈንን አንድ ነገር ላንሣ፤ የጅማው ትምህርት ቤት አዳሪ ነበር። ምግቡና አልጋው በትምህርት ቤቱ ነበር። የልጁ ጉብዝና ቆሎ አልቆበት ሐሙስ ላይ አልቆመም። በዚህ ዞን ዛሬ ስንት ገቢሳ በኪራይ ክፍል ውስጥ እንዳለ ማንም አይቆጥርም። በምዝገባ ቅጹ ላይ ጾታና ዕድሜ አለ፤ «ማታ የት ታድራለህ?» የሚል ግን የለም።

ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ሸክሙ ሌላ ነው። ወላጅ ልጁን በኪራይ ክፍል ለማሳደር ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ወይ ስምንተኛ ላይ ትቀራለች፣ ወይ ዘመድ ቤት ትቀመጥና የቤት ሠራተኛ ትሆናለች። ውኃ ቀድታ፣ ወጥ ሠርታ፣ ልጅ አስተኝታ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደብተር ትከፍታለች። አዴዎች፣ ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ከእኔ አትሰሙትም።

በዚያ ላይ የዘመኑን ነገር ጨምሩ። የ2014ቱ ተፈታኝ በሚያዝያ 2006 አምቦ በተቃውሞ ስትናወጥ አራተኛ ክፍል ነበር። በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ስድስተኛ ክፍል ነበር። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት አገሩ ሁሉ ትምህርት ሲዘጋ አሥረኛ ክፍል ነበር። ከዚያም በኋላ በብዙ ወረዳዎቻችን የተኩስ ድምፅ አልራቀም። አዲስ አበባ ያለው እኩያው በኮሮናው ጊዜ በቴሌግራም ሲማር፣ የእኛው ልጅ ከብት ሲጠብቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲሰማ አንድ ሰው «እንግዲያው ትምህርት ቤቱ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ሁሉም ከቤት ነው» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ታላቅ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄምስ ኮልማን የተባለ የሶሲዮሎጂ ሊቅ በአሜሪካ 4,000 በሚያህሉ ትምህርት ቤቶች ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። የልጁን ውጤት የሚወስነው ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ ይበልጡን ቤተሰቡና አብረውት የሚማሩት ልጆች ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ለብዙ ፖለቲከኛ ምቹ ሰበብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ስቴፈን ሄይነማንና ዊልያም ሎክስሊ የ29 አገሮችን መረጃ አነጻጽረው የተለየ መልስ አመጡ። በድሃ አገሮች ውስጥ ሚዛኑ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ መምህሩ ያጋድላል። ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። አሜሪካ ውስጥ መጽሐፍ የሌለው ትምህርት ቤት እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ልጆቹን የሚለያያቸው ቤታቸው ነው። ድሃ አገር ውስጥ ግን አንዱ ትምህርት ቤት መጽሐፍና መምህር አለው፣ ሌላው የለውም። ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ይህ ልዩነት በብዙ አገር እየጠበበ መምጣቱን ጽፈዋል፤ በእነዚያ አገሮች ትምህርት ቤቶቹም ሲሻሻሉ፣ ወላጆቹም ሲማሩ ቤቱ እንደገና መክበድ ጀምሯል። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም። በእኛ አገር ጥሩ መምህር ያለው ክፍልና መምህር የሌለው ክፍል የሚለያዩት በጣም ብዙ ነው። ለዚህ ነው ቤትን ሰበብ የሚያደርገውን መምህርም፣ ትምህርት ቤትን ሰበብ የሚያደርገውን ወላጅም የማልቀበለው።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ መሥራቱንና አለመሥራቱን በምን እናውቃለን? አንድ የምናብ ስሌት እናድርግ። «ሀ» የተባለ ትምህርት ቤት 100 ተማሪ አስፈተነ፤ 80ው የከተማ ልጆች፣ 20ው የገጠር ተከራዮች ናቸው። ከከተማዎቹ 20፣ ከተከራዮቹ 1 አለፈ፤ ድምሩ 21 ከመቶ። «ለ» የተባለውም 100 አስፈተነ፤ ግን 20ው የከተማ፣ 80ው ተከራዮች ናቸው። ከከተማዎቹ 6፣ ከተከራዮቹ 8 አለፉ፤ ድምሩ 14 ከመቶ። ጋዜጣው «ሀ በለጠ» ብሎ ይጽፋል። አሁን ለያይታችሁ ተመልከቱ። የከተማ ልጅ በ«ሀ» 25 ከመቶ፣ በ«ለ» 30 ከመቶ ያልፋል። ተከራዩ በ«ሀ» 5 ከመቶ፣ በ«ለ» 10 ከመቶ ያልፋል። የከተማም ሆነ የገጠር ልጃችሁን የት ትልኩታላችሁ? ወደ «ለ» ነው። በድምር የተሸነፈው ትምህርት ቤት በሁለቱም ወገን አሸናፊ ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ሲመዘገብ፣ የክፍል ኃላፊው መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይሙላ። የመጣበት ቀበሌና ትምህርት ቤት፣ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ የሚያድረው ከወላጅ፣ ከዘመድ ወይስ በኪራይ መሆኑ፣ እናትና አባት የተማሩበት ክፍል፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበላ፣ ማታ መብራት መኖሩ ይጻፍ። ከዚያ በአፋን ኦሮሞ አንድ አንቀጽ፣ በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ ያስነብበው። ወረቀቱ ለልጁ ማፈሪያ እንዳይሆን በመምህሩ እጅ ይቆይ። የየሴሚስተሩ ውጤት ሲወጣ ድምሩን ብቻ ሳይሆን በእነዚህ ወገኖች ተከፋፍሎ ለወላጅና መምህር ኅብረት ይቅረብ።

ይህ ወረቀት ምን ያሳያል? ከአንድ ቀበሌ የመጡት ልጆች ሁሉ ማንበብ ካቃታቸው፣ ችግሩ ያለው በዚያ ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። የወረዳው ሱፐርቫይዘር ወዴት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ተከራዮቹ ሁሉ ከኅዳር በኋላ የሚወድቁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የአጨዳና የስንቅ ነው። የከተማው ሰው በዚያ ላይ ሊመክር ይችላል፤ አከራዮች እስከ ማታ ሦስት ሰዓት መብራት እንዲተዉ፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ማታ እንዲከፈት፣ ሐሙስና ዓርብ ምሳ የሚሰጥበት መንገድ እንዲፈለግ።

አንድ መምህር ከመግባቴ በፊት በር ላይ የነገረኝን ላንሣ። ኢፋ ቦሩንና የመሳሰሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎበዞቻችንን እየወሰዱብን ውጤታችን ቢወርድ በምን ጥፋታችን ነው አለኝ። ልክ ነው። ከጌዶ ወጥቶ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ያለፈ ልጅ በጌዶ መዝገብ አይቆጠርም። መቆጠር ያለበት ይመስለኛል፤ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ያስተማረው የቀበሌ ትምህርት ቤት ስሙ አብሮ ይጻፍለት። የቀበሌው መምህር ልጁ የት እንደደረሰ አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም።

ወረቀቱን መሙላት ተጨማሪ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። መምህራን ብዙ ቅጽ ይሞላሉ፤ አብዛኛውም ተሞልቶ ወደ ላይ ከሄደ በኋላ አይመለስም። ይህኛው ወደ ላይ አይሄድም፤ እዚሁ ይቀራል። በመስከረም ከተሞላ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት በጥር ሲወጣ ንጽጽሩ በአንድ ከሰዓት ይሠራል። በጥር ለመነጋገር ደግሞ የ12ኛ ክፍልን ውጤት አራት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከወላጆች እንጀምር።